ዱካው ወደ እኔ መጣ

ዛሬ የማካፍላችሁ ከሥራ ጠረጴዛዬ የመጣ ነገር ነው። የምኖረው ሀና ማርያም ነው፤ መተዳደሪያዬም በብራውዘር የሚከፈቱ ፕሮግራሞችን መሥራት ነው።

ለአንድ ማኅበር የአባላት መመዝገቢያ ሠርቼ ነበር። ጥቂት ወራት እንደሠራ አንዳንድ አባላት ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜም ተመዝግበው መገኘት ጀመሩ። ኃላፊው ደውሎ ምክንያቱን ጠየቀኝ። እኔ ጋ ስሞክረው በደንብ ይሠራል። ስለዚህ ሳላመነታ፣ «ፕሮግራሙ ምንም የለበትም፤ መዝጋቢዋ ከመመዝገባቸው በፊት በደንብ አይፈልጉም ማለት ነው» አልኩት። መዝጋቢዋ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ሴት ናቸው። በእኔ ቃል ምክንያት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳቸው።

ችግሩ ግን አልቆመም። በእኛ ሥራ ከባዱ ስህተት ሠሪው ጋ የማይታየው፣ ተጠቃሚው ጋ ብቻ የሚታየው ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ጆ ሂዊት ለፋየርፎክስ ፋየርበግ የተባለውን መሣሪያ ካወጣ ወዲህ በብራውዘር ውስጥ ሆኖ ስህተት መፈለግ ቀሏል፤ ዛሬ ክሮምም ፋየርፎክስም የራሳቸው መሣሪያ አላቸው። ነገር ግን ከፍቶ የሚያነበው ሰው ያስፈልጋል። እኚያን ሴት «ኮንሶሉን ከፍተው ያንብቡልኝ» ልላቸው አልችልም። ስለዚህ ብራውዘሩ ላይ የሚጫን ትንሽ መከታተያ ሠራሁና «ዱካ» አልኩት።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከገጹ ኮድ ቀድሞ ይነሣል። ገጹ ወደ ሰርቨር ጥያቄ ሲልክ የተላከውን፣ መልስ ሲመጣም መልሱን ከነሰዓቱ ይጽፋል፤ ምንም ሳይለውጥ ያሳልፈዋል። የተጫነውን ቁልፍና በገጹ ላይ የተለወጠውንም በቅደም ተከተል ይመዘግባል። የይለፍ ቃል እንዳይመዘግብ ከልክዬዋለሁ። ለእሳቸውም ለኃላፊውም ነግሬ ጫንኩት። እውነቱን ልናገር፣ የእሳቸውን ጥፋት አገኝበታለሁ ብዬ ነበር።

ማታ ቤቴ ተቀምጬ ዱካውን አነበብኩ። ሴትየዋ ሳይፈልጉ የመዘገቡት አንድም ሰው የለም። ወረቀቱ ላይ እንዳለው «ሐና» ብለው ይጽፋሉ፤ ሰርቨሩ «አልተገኘም» ይላል። ስለዚህ ይመዘግባሉ። ፕሮግራሙ ግን «ሀና» አድርጎ ያስቀምጠዋል። ለጆሯችን ሀ እና ሐ አንድ ናቸው፤ በዩኒኮድ ግን የተለያየ ቁጥር ያላቸው ሁለት ፊደላት ናቸው። አንድ ሌሊት ሐን እና ኀን ወደ ሀ የሚለውጥ መስመር ጽፌ ነበር። ማስቀመጫው ላይ አስገባሁት፤ መፈለጊያው ላይ ረሳሁት። እኔ ስሞክረው፣ የሰፈሬን ስም እንደለመድኩት፣ ሁልጊዜ በ«ሀ» ስለምጽፍ ይገኝልኝ ነበር።

አንዲት መስመር ጨምሬ ባስተካክለው ማንም አያውቅም። ዱካውን መሰረዝም የአንድ ክሊክ ሥራ ነው። እጄ ማውሱ ላይ ብዙ ቆየ።

በዚያች ሰዓት የሳሙኤል እናት ሐና ትዝ አለችኝ። በልቧ ስትጸልይ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅዋ ግን አይሰማም ነበር። ካህኑ ዔሊ አያትና የሰከረች መሰለው። ያየው ነገር ውሸት አልነበረም፤ ከንፈሯ በእርግጥ ይንቀሳቀስ ነበር። የተሳሳተው ያላየውን በራሱ ግምት ስለሞላው ነው። እኔም ያየሁት ሁለት ጊዜ የተጻፈ ስም ነው፤ ቀሪውን በግምቴ ሞላሁት። ዔሊ ግን ነገሩን ሲረዳ በቃሉ አልጸናም፤ ባርኮ በሰላም አሰናበታት። እኔ ደግሞ ገና ከማውሱ ጋር እየታገልኩ ነበር። «ጌታ ሆይ፣ እርዳኝ» ብዬ ፋይሉን ሳልነካ ኮምፒውተሩን ዘጋሁ።

በነጋታው ለኃላፊው ደውዬ ተናዘዝኩ፤ ከዚያም ወደ ቢሮው ሄድኩ። «እትዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና፣ «ልጄ፣ እኔ እኮ ዓይኔ የደከመ መስሎኝ ነበር፤ መነጽር ልቀይር ብር እያጠራቀምኩ ነው» አሉኝ። ከደብዳቤው ይልቅ ይህ አሳመመኝ። ሰው ማየት የሚችል ዓይኑን እስኪጠራጠር ድረስ አድርጌያቸው ነበር። ደብዳቤው ተነሣላቸው፤ ፕሮግራሙም ተስተካከለ።

ወገኖቼ፣ በቤታችሁ፣ በሥራ ቦታችሁ፣ በኅብረታችሁ ከንፈሩን ብቻ አይታችሁ የፈረዳችሁበት ሰው ይኖር ይሆን? ከመፍረድ በፊት ዱካውን ተከተሉ። ወደ እናንተ ከመጣም አትሰርዙት። ጌታ መንገዳችንን ሁሉ ያውቃል፤ የሚያሳየንም ሊጥለን ሳይሆን ሊያቀናን ነው። ይቅርታ የምትጠይቁት ሰው ካለ ዛሬውኑ ደውሉለት።

ጸጋ ይብዛላችሁ።