ጂዜል ከስፌት ማሽኑ ኋላ

መጋረጃው ሲከፈት መድረኩን ከዳር እስከ ዳር የዘጋ ግዙፍ ግራጫ ግድግዳ ይታያል። ሰዎች ጀርባቸውን ለተመልካቹ ሰጥተው፣ መዳፋቸውን ለጥፈው ይገፉታል። አይነቃነቅም። ላዩ ላይ የእጅ አሻራ ሞልቷል፤ ከእነሱ በፊትም የገፋ ሰው እንደነበረ ያስታውቃል። ገና ማንም አልዘለለም፣ ማንም አልተሽከረከረም፣ ባሌት ሲባል የምናስበው ስስ ነጭ ቀሚስም የለም። የእንግሊዝ ብሔራዊ ባሌት የሚያሳየው የአክራም ካን «ጂዜል» የሚጀምረው እንዲህ ነው።

ሥራው ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ሴፕቴምበር 27 ቀን 2016 ማንችስተር በሚገኘው ፓላስ ቴአትር ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እኔ የማውቀው ለሲኒማ ተቀርጾ በወጣው ፊልም ነው። ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ ባየሁት ቁጥር ሐሳቤ ከማንችስተር ተነሥቶ ሐዋሳ ይደርሳል። ለምን እንደሆነ ልጻፍላችሁ። ረዘም ስለሚል ታገሡኝ።

የድሮውን ታሪክ ለማያውቅ ወዳጅ ባጭሩ ላውጋው። «ጂዜል» በ1841 ፓሪስ ኦፔራ የተወለደ ባሌት ነው። ጂዜል ዳንስ የምትወድ፣ ልበ ደካማ የገበሬ ልጅ ናት። አልብሬሽት የሚባል መስፍን ባላገር መስሎ ይመጣና ያፈቅራታል፤ የታጨችለት የመሳፍንት ልጅ እንዳለች ግን አይነግራትም። እዚያው አካባቢ የሚኖረው ሂላሪዮንም ይወዳት ነበርና ምስጢሩን ያወጣዋል። ጂዜል አእምሮዋ ተናውጦ ትሞታለች። ሁለተኛው ክፍል ሌሊት ነው፣ መቃብሯ ዘንድ። ሳይዳሩ ተከድተው የሞቱ ልጃገረዶች መናፍስት፣ ዊሊዎች የሚባሉት፣ ሚርታ በምትባል ንግሥታቸው እየተመሩ ይመጣሉ። ያገኙትን ወንድ ነፍሱ እስክትወጣ ያስደንሱታል። ሂላሪዮን በእጃቸው ያልቃል። አልብሬሽትን ግን የተከዳችው ጂዜል ራሷ እስኪነጋ ድረስ ቆማ ታተርፈዋለች።

ሁለተኛው ክፍል ዛሬም በድሮው መልኩ ሲታይ ያስደነግጣል፤ ውበቱን የሚክድ አይገኝም። የመጀመሪያው ክፍል ግን ሁልጊዜ ይከነክነኛል። ገበሬዎቹ የወይን ዘለላ በቅርጫት ይዘው፣ ልብሳቸው እንደነጣ፣ ፈገግ እንዳሉ ይጨፍራሉ። የሚያርስ ሰው ትከሻ፣ የሚያጭድ ሰው ወገብ እንዴት እንደሚሆን ያየ ሰው አያምናቸውም። የጂዜል ድህነት እዚያ ጌጥ ነው፤ የመስፍኑ ፍቅር ጎልቶ እንዲታይ የተቀመጠ።

አክራም ካን ያንን ጌጥ አነሣው። የእሱ ጂዜል ከሥራዋ የተፈናቀለች የልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ ናት። ፋብሪካው ተዘግቷል። ከሩቅ አገር ለሥራ የመጡት ሠራተኞች መሄጃ አጥተው ከግድግዳው ውጭ ሰፍረዋል። ከግድግዳው ወዲያ ደግሞ ባለሀብቶቹ አሉ፤ አንዳንዴ ደሀው ሲጨፍር ለማየት ይመጣሉ። ሲመጡ እንደ መርከብ ጡሩንባ የሚያስገመግም ድምፅ ይሰማል፤ ያ የማይነቃነቅ ግድግዳ ይንቀሳቀሳል፤ ከኋላው ብርሃን ይፈስሳል። ሴቶቹ የለበሱት ልብስ ከመክበዱ የተነሣ መራመድ እንኳ ያስቸግራል። አልባሳቱንና ግድግዳውን የነደፈው ቲም ዪፕ ነው፤ ለአንድ የቻይንኛ ፊልም ባሰናዳው የመድረክ ጥበብ ኦስካር የተሸለመ ሰው። በድሮው ባሌት ጂዜል የእጮኛዪቱን ቀሚስ ጫፍ በአድናቆት ስትነካ የምናየው የገጠር ልጅ የዋህነት ነው። እዚህ ስትነካው ግን ልቤ ሌላ ነገር ይጠይቃል። ያንን ጨርቅ ማን ሰፋው? እጇ የሚያውቀው ስፌት ቢሆንስ?

ሙዚቃውም አልተተወም። የአዶልፍ አዳም የ1841 ዜማ በቪንቼንዞ ላማኛ እጅ ተሰባብሮ እንደገና ተሰፍቷል። ያንን ለስላሳ ዜማ ከሩቅ ይሰሙትና ወዲያው የማሽን ምት የሚመስል ድምፅ ይውጠዋል።

ዊሊዎቹ በአክራም ካን ሥራ የሞቱ ሠራተኞች ናቸው። በተተወው ፋብሪካ ውስጥ ፀጉራቸውን በትነው፣ ረጅም ዘንግ ይዘው ይወጣሉ። እስከዚያች ቅጽበት ድረስ ሠራተኞቹ እግራቸው መሬት የረገጠ ነበር፤ ጫፉ የደነደነውን የባሌት ጫማ አጥልቀው በጣታቸው ጫፍ የሚቆሙት አሁን፣ ከሞቱ በኋላ ነው። ይህ ምርጫ ለእኔ ከሥራው ሁሉ የሚበልጠው ነው። በሌላ ባሌት በጣት ጫፍ መቆም ተረትነትና ቅልጥፍና ነው፤ ክብደት የሌላት ሴት እንድናይ ይፈለጋል። እነዚህ ሴቶች ግን ክብደታቸውን የተቀሙ ናቸው። መሬት አይነኩም፤ በሕይወት ሳሉ የሚቆሙበት መሬት የሰጣቸው አልነበረም። በትንንሽ እርምጃ ረድፍ ሠርተው ወደፊት ሲመጡ የጫማቸው ኳኳታ ይሰማል፤ የድሮዎቹ ዊሊዎች ያንን ድምፅ ለመደበቅ ነበር የሚለፉት።

አክራም ካን በ1974 ከባንግላዴሽ ቤተሰብ ለንደን ውስጥ የተወለደ፣ በሰሜን ሕንድ የካታክ ውዝዋዜ ያደገ ሰው ነው። ካታክ በባዶ እግርና በቁርጭምጭሚት ቃጭል መሬትን እየመታ የሚነገር ጥበብ ነው። ባሌት ወደ ላይ፣ ካታክ ወደ ታች። እኛ እስክስታ ያሳደገን ሰዎች ይህን ለመረዳት አስተማሪ አያስፈልገንም፤ ጉልበትን ሰበር አድርጎ፣ ክብደትን መሬት ላይ ጥሎ፣ ከወገብ በላይ መናገር ምን እንደሆነ ሰውነታችን ያውቀዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ክፍል ላይ ሠራተኞቹ ጎንበስ ብለው በአንድ ምት መሬቱን ሲረግጡ የባሌት ተመልካች እንግዳ ነገር ያያል፤ እኔ ግን የማውቃቸው ሰዎች ይመስሉኛል።

አሁን ወደ ባሌት ቤቱ ልምጣ፤ ይህ ሥራ ከሰማይ አልወረደምና። የእንግሊዝ ብሔራዊ ባሌት በ1950 በአሊሺያ ማርኮቫና በአንቶን ዶሊን ለንደን ፌስቲቫል ባሌት በሚል ስም ተቋቋመ፤ የዛሬውን ስሙን ያገኘው በ1989 ነው። የራሱ ቴአትር ቤት የለውም። ከከተማ ከተማ እየዞረ ባሌትን ለንደን መሄድ ለማይችለው ሕዝብ ያደርሳል፤ ሲፈጠርም የታሰበው ለዚሁ ነው። በየዓመቱ ገና ሲደርስ «ነትክራከር»ን ያሳያል፤ ከተቋቋመ ጀምሮ እንዲህ ነው፣ ልጆች ከአያቶቻቸው ጋር ይመጣሉ፣ አዳራሹ ይሞላል። እንደዚህ ያለ ቤት በለመደው ሥራ ብቻ ዕድሜውን ሊገፋ ይችላል። ማንም አይወቅሰውም። አዲስ ሥራ ማለት ለወራት አንድ ቲኬት ሳይሸጥ ለዳንሰኛ፣ ለሙዚቃ ደራሲ፣ ለልብስ ነዳፊ፣ ለመብራት ሰው ደመወዝ መክፈል ነው፤ በመጨረሻም ሰው ላይወደው ይችላል።

ታማራ ሮሆ በ2012 የጥበብ ዳይሬክተር ሆና ስትመጣ ያንን ዕዳ ለመሸከም ወሰነች። ስፔናዊት ናት፤ ዳይሬክተር ሆናም መደነሷን አላቆመችም። በ2014 የመጀመሪያውን የዓለም ጦርነት መቶኛ ዓመት አስመልክታ ለአክራም ካን ሥራ ሰጠች፤ የወጣው «ደስት» የተባለው አጭር ሥራ ነው፤ የሁለቱ ትውውቅ እዚያ ላይ ጠነከረ። በኤፕሪል 2016 ደግሞ ሳድለርስ ዌልስ በተባለው የለንደን ቴአትር በአንድ ምሽት ሦስት አዳዲስ ሥራዎች አቀረበች፤ ሦስቱንም የፈጠሩት ሴቶች ነበሩ፤ አናቤል ሎፔዝ ኦቾዋ፣ ያቢን ዋንግ እና አሹር ባርተን። ሮሆ ምክንያቷን ስታስረዳ በሃያ ዓመት የመድረክ ሕይወቷ ሴት የፈጠረችውን ባሌት አንድ ጊዜም ደንሳ እንደማታውቅ ተናግራለች። ይህን ስሰማ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። መድረኩን የሚሞሉት ሴቶች፣ እግራቸው የሚደማው ሴቶች፣ ሥራው በስማቸው የሚጠራው ሴቶች፤ እንዲህ ተራመጂ የሚለው ግን ሁልጊዜ ወንድ። በዚያ ምሽት ሎፔዝ ኦቾዋ የሠራችው የሜክሲኮዋን ሠዓሊ የፍሪዳ ካህሎን ሕይወት ነው፤ ፍሪዳን ሆና የደነሰችው ራሷ ሮሆ ናት።

በዚያው ዓመት መስከረም ላይ «ጂዜል» መጣ፤ በሚቀጥለው ጸደይ ደግሞ ቤቱ የጀርመናዊቷን የዳንስ ፈጣሪ የፒና ባውሽን «የጸደይ ሥርዓት» መድረኩ ላይ አፈር አልብሶ ደነሰ፤ ይህን ሥራ በመደነስ ከብሪታንያ የመጀመሪያው ነው። ይህን ያህል በአንድ ዓመት!

«ጂዜል» መጀመሪያ ማንችስተር ላይ መታየቱም በልቤ ቀርቷል። የዓለም ጥጥ የተፈተለበት፣ የዓለም ጨርቅ የተሸመነበት ከተማ ነው። የፓሪስ ታዳሚ በ1841 ለዊሊዎቹ ሲያጨበጭብ የማንችስተር ሴቶችና ሕፃናት በጥጥ ብናኝ ውስጥ ቆመው ይሠሩ ነበር። ያኔ ባሌቱ ስለ እነሱ ምንም አላለም። ከ175 ዓመት በኋላ ስለ እነሱና ስለ ልጅ ልጆቻቸው ተናገረ።

የልጅ ልጆቻቸው የምላቸው በሥጋ አይደለም። ማሽኑ ከማንችስተር ተነሥቶ ርካሽ እጅ ፍለጋ አገር ለአገር ሲዞር ኖሯል። ኤፕሪል 24 ቀን 2013 ዳካ አጠገብ ራና ፕላዛ የተባለው ስምንት ፎቅ ሕንፃ በልብስ ሰፊዎቹ ላይ ተደረመሰ። 1,134 ሰው ሞተ። ግድግዳው መሰንጠቁ ከአንድ ቀን በፊት ታይቶ ነበር፤ ሠራተኞቹ ግን በማግስቱ ግቡ ተባሉ። እኔ የአክራም ካንን ዊሊዎች ሳይ እነዚያን ሴቶች አለማየት አልችልም።

ከዚያም ማሽኑ እኛ ዘንድ መጣ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀው በጁላይ 2016 ነው፤ «ጂዜል» ማንችስተር ላይ ሊታይ ሁለት ወር ያህል ሲቀረው። 60 ሺህ ሠራተኛ ይይዛል ተብሎ የታቀደ፣ በዘጠኝ ወር ተገንብቶ የቆመ። አብዛኞቹ ሠራተኞች ከሲዳማና ከአካባቢው ገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። ለአራት፣ ለአምስት ሆነው አንዲት ክፍል ተከራይተው፣ ከፈረቃ ሲወጡ በየተራ እየተኙ ኖረዋል። በ2019 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት መነሻ ደመወዛቸው በወር 26 ዶላር ነበር፤ ልብስ ሰፍተው ወደ ውጭ ከሚልኩ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው። ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት መጣ። በኖቬምበር 2021 ካልቪን ክላይንና ቶሚ ሂልፊገር የሚባሉትን ምልክቶች የያዘው ፒቪኤች ፋብሪካውን ዘግቶ ወጣ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ለመላክ ከሚያስችለው ከአጎአ ተጠቃሚነት ተሰረዘች፤ ሌሎችም ሥራ ቀነሱ፣ ብዙ ልጆች ወደመጡበት ተመለሱ፤ መመለስ ያልፈለጉት የዓረብ አገር መንገድ ጀመሩ። ሰው ስለ ኤክስፖርት ቁጥር አወራ። ስለ ልጆቹ ያወራው ጥቂት ነው። የአክራም ካን የመጀመሪያ ክፍል፣ ፋብሪካው ተዘግቶባቸው ከግድግዳ ውጭ የቀሩት ሰዎች፣ ለእንግሊዝ ተመልካች ምሳሌ ነው። ለእኛ ግን ሠፈራችን ነው፤ እህቶቻችን ናቸው።

ስለዚህ እጠይቃለሁ። እኛም ብሔራዊ የምንለው መድረክ አለን። በሩን የከፈተው በ1955 ነው፤ የሙዚቃና የውዝዋዜ ባለሙያዎች አሉት፤ የሕዝቦቻችንን ጭፈራ ጠብቀው ያቆዩ፣ ዕድሜ ልካቸውን ለዚያ የሰጡ ሰዎች ናቸው፤ ውለታቸው ከፍ ያለ ነው። ነገር ግን መድረካችን ላይ ውዝዋዜ በአብዛኛው የሚታየው እንደ ቅርስ ነው። ልብሱ ንጹሕ፣ ፊቱ ፈገግታ፣ እርሻው ፌሽታ። ያንኑ የወይን ቅርጫት የያዘ ገበሬ ነው የማየው። ጉራግኛው፣ ወላይትኛው፣ ጎጃምኛው፣ የሲዳማው ቄጣላ ዛሬ የሆነብንን ነገር መናገር የሚችል ቋንቋ ነው፤ እንዲናገር የሚጠይቀው ግን እምብዛም የለም።

ሰው የለም እንዳትሉኝ። በ1996 እንግሊዛዊው ሮይስተን ማልዱም አዲስ አበባ መጥቶ ከጎዳና ልጆች ጋር የሠራውን የሚያስታውስ ያስታውሰዋል። ከዚያ ጅማሬ አዱኛ የዳንስ ቡድን ተወለደ፤ ሠልጣኞቹ አድገው ሌሎችን አስተማሩ። ከእነሱ ሁለቱ በ2009 ለንደን ውስጥ ሳድለርስ ዌልስ ላይ ደንሰዋል፤ ሮሆ ሦስቱን ሴቶች ያቀረበችበት፣ «ጂዜል»ም ከማንችስተር በኋላ የገባበት መድረክ ነው። ዛሬም በየወጣት ማዕከሉ፣ በተከራዩት ጠባብ አዳራሽ፣ ከሥራ በኋላ የሚለማመዱ ልጆች አሉ፤ ከመካከላቸው ሴት የዳንስ ፈጣሪዎችም አሉ።

የምጠይቀው የተወሰነ ነገር ነው። በሚመጣው ዓመት ዝርዝር ውስጥ አንድ ቦታ፣ አንድ ሙሉ ምሽት፣ ለአንድ አዲስ የዳንስ ሥራ ይሰጥ። ፈጣሪዋ ሴት ብትሆን ደስ ይለኛል። ለስድስት ወር የልምምድ አዳራሽና ለሃያ ዳንሰኛ ደመወዝ ይመደብላት። ከመጀመሯ በፊት ሐዋሳ ሄዳ ከፋብሪካ ከወጡት ልጆች ጋር ትቀመጥ፤ እጃቸው በቀን ስንት ጊዜ የትኛውን እንቅስቃሴ ይደጋግም እንደነበር ያሳዩዋት። እንዲያዩትም የመጀመሪያው ምሽት ከአዲስ አበባ በፊት ሐዋሳ ላይ ይሁን።