ሦስት ቀን በሰራኩስ

የሥነ መለኮት ተማሪ ሳለሁ በሐዋርያት ሥራ 28፥12 ላይ አንድ ቅሬታ ነበረኝ። ጳውሎስ በማልታ ሦስት ወር ከርሞ፣ እስረኛ ሆኖ ወደ ሮም ሲወሰድ በሰራኩስ ሦስት ቀን ቆየ። ሉቃስ ይህን ብቻ ነግሮን ዝም ይላል። ምን አዩ? ከማን ጋር ተነጋገሩ? አንድም ቃል የለም። ስለዚህ በሲሲሊ የሚኖሩ ወገኖቻችን ለአገልግሎት ሲጠሩኝ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከስብከቱ ይልቅ ከተማዋን ለማየት ቸኩዬ ነበር።

ቅዳሜ ዕለት አንድ ወጣት ወንድም ሊያስጎበኘኝ መጣ። ጥንታዊቷ ከተማ ኦርቲጂያ የምትባል፣ ከየብስ ጋር በድልድይ የተገናኘች ትንሽ ደሴት ናት፤ በእግር ተዞራ ታልቃለች። ፀሐዩ ደስ ይላል፣ ድንጋዩ የማር መልክ አለው። ካቴድራሉ ጋ ስንደርስ ከግድግዳው ውስጥ ወፋፍራም የግሪክ ዓምዶች ወጣ ወጣ ብለው አየሁ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት ለአቴና የተሠራ ቤተ ጣዖት ነበር፤ ኋላ ክርስቲያኖች በዓምዶቹ መካከል ግንብ ሞልተው ቤተ ክርስቲያን አደረጉት። ጳውሎስ ሲመጣ እነዚሁ ዓምዶች እዚያው ቆመው ነበር። እጄን አሳርፌባቸው ብዙ ቆየሁ።

ከዚያ ቁልቁል ወርደን አሬቱሳ ወደሚባለው ምንጭ ሄድን። ባሕሩ ዳር የሚፈልቅ ምንጭ ነው፤ ውስጡ ደንገል በቅሎበታል። የጣና ታንኳ የሚሠራበት፣ ሕፃኑ ሙሴ የተኛበት ሣጥን የተሠራበት ያ ደንገል! እንደ ልጅ ፈነደቅሁ። ስልኬን አውጥቼ ባሕሩም በፎቶው እንዲገባ፣ "ወንድሜ፣ እዚያ ጋ ቁምልኝ" አልኩት። ቆመ። ወደ ባሕሩ ግን ዘወር አላለም። ጠዋት ሙሉ እኔን በባሕሩ በኩል አድርጎ እሱ ግንቡን ተጠግቶ ሲሄድ እንደ ነበረ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

አረፍ አልን። እኔም ለጨዋታ ያህል የነገውን ስብከት አወራሁለት፤ የሐዋርያት ሥራ 27፣ ማዕበሉ፣ የመርከቡ መሰበር፣ 276ቱም ሰዎች በደኅና ወደ ምድር መድረሳቸው። ርዕሱን "አንድም አልጎደለም" ብዬው ነበር።

ዝም ብሎ አዳመጠኝና፣ "ፓስተር፣ እኛ ከሊቢያ ስንነሣ..." ብሎ በጀልባቸው የተሳፈሩትን ቁጥር ነገረኝ። የደረሱትንም ነገረኝ። ሁለቱ ቁጥሮች አንድ አልነበሩም።

"እኛም እኮ ጸልየን ነበር" አለኝ። ሌላ አልጨመረም።

ሠላሳ ዓመት ግድም ሰብኬአለሁ። አንድ ጥቅስ አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጥኩት። ደግ አደረግሁ ብዬ አስባለሁ። ሉቃስም በዚህች ከተማ ዝም ማለቱ እንደ ድሮው አላናደደኝም።

እሑድ ርዕሱን ተውኩት። በጨለማ የሚያበቃውን መዝሙር 88ን አብረን አነበብንና፣ በባሕር የቀሩባችሁን በስማቸው ጥሩልን አልኳቸው። የመጀመሪያው ስም እስኪሰማ ረጅም ጊዜ ወሰደ። አንዲት እህት ከኋላ የወንድሟን ስም ጠራች። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። የስብከቱ ሰዓት አለፈ፣ አዳራሹን የምናስረክብበት ሰዓትም ደረሰ፤ ስሞቹ ገና አላለቁም ነበር።