አፈሩን በእጅ፣ እግርን በጫማ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ረጅም መንገድ አልደፍርም። ባለፈው የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ግን ከልጄና ከአሥር ዓመቱ የልጅ ልጄ ጋር ከአዲስ አበባ ወደ ወላይታ ሶዶ ወረድኩ። በ1976 ዓ.ም. የነርስነት ዲፕሎማዬን ይዤ መጀመሪያ የተመደብኩት በሶዶ አካባቢ ባለ ጤና ጣቢያ ስለነበር አገሩን ዳግም ለማየት ጓጉቼ ነበር። ልጁም «ሦስት ዓይነት አፈር አምጡ» የሚል የቤት ሥራ ነበረበት። እናቱ ከግቢያችን የአበባ መደብ ዘግና በሦስት ላስቲክ ልትከፍልለት ስትል «ተይ፣ መንገዱ ራሱ ይሰጠዋል» አልኳት።

በፈጣን መንገዱ ላይ እንደልብ መቆም ስለማይቻል አሮጌውን መንገድ ያዝን። ቢሾፍቱን እንዳለፍን ልጄ ከአንድ የታጨደ ማሳ ዳር መኪናውን አቆመልን። የአድአ ጥቁር አፈር ነው፤ ጤፍና ሽምብራ የሚወደው። በጋው ሰንጥቆት የልጁ እጅ እስከ አንጓው ገባ።

ያን ጊዜ የማውቀውን አሳየሁት። ይህን ያስተማሩኝ በነርስ ትምህርት ቤት አይደለም፤ በወጣትነቴ አንድ ግቢ ተከራይተን የኖርን የግብርና ባለሙያ ናቸው። እፍኝ አፈር ውሰድ፤ ድንጋዩንና ሥሩን ልቀም። ውሃ ጠብ እያደረግህ እንደ ሊጥ እሸው፤ አይፍሰስም፣ አይድረቅም። ከዚያ አድበልብለው። በመጨረሻም በአውራ ጣትህና በሌባ ጣትህ መሐል እየገፋህ እንደ ጥብጣብ አውጣው። ጥብጣቡ ሳይበጠስ ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ከወጣ ሸክላው የበዛ አፈር ነው። ከዚያ ካጠረ ደለል ወይም አሸዋ ተቀላቅሎበታል። ጨርሶ ካልወጣ አሸዋው አይሏል። የእኛው ጥብጣብ ረዝሞ ከልጁ ጣት ላይ ተንጠለጠለ፤ እጁም ላይ እንደ ሙጫ ተጣበቀ።

በዚያ ሲያልፉ የነበሩ አንድ ገበሬ «እናቴ፣ ምን ጠፋብዎት?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ሳቁና «መረሬ ነው። በክረምት እግር ይይዛል፣ በበጋ የከብት እግር ይሰብራል። ግን ያበላል» አሉ። ክረምቱ ሲወጣ ሽምብራውን የሚዘሩት አፈሩ ያጠራቀመውን እርጥበት ተማምነው መሆኑንም ለልጁ አስረዱት።

ቆቃን ተሻግረን መቂን ስናልፍ አፈሩ ነጣ አለ። ከዝዋይ በፊት ወርደን ያንኑ ፈተና ሞከርን። ተድበልብሎ ገና ከመዳፉ ሳይወርድ ተበተነ፤ ጥብጣብማ የለም። «ወደ ጆሮህ አስጠግተህ እሸው» አልኩት፤ አሸዋው ሲንኮሻኮሽ ሰማ። በስምጥ ሸለቆው ያለውን፣ እሳተ ገሞራ የተፋውን ባለ ቀዳዳ ቀላል ድንጋይም አንስቶ በጣሳ ውሃ ውስጥ ቢጥለው ተንሳፈፈለት። በየማሳው ሽንኩርትና ቲማቲም በፓምፕ ይጠጣል። እንዲህ ያለው አፈር ውሃን ቶሎ አሳልፎ ስለሚሰጥ ቶሎ ቶሎ መጠጣት አለበት።

ሻሸመኔ ላይ ታጥፈን በሀላባ በኩል ወደ ወላይታ ስንገባ እንሰቱና ቀይ አፈሩ ተቀበለን። ልጁ ገና ከመኪናው ሳይወርድ «ይሄ ሦስተኛው ነው፤ ከጥቁሩ ጋር አይገናኝም!» አለ። አሽቶ ገፋው። ጥብጣቡ እንደ ጥቁሩ ረዘመ። ግራ ተጋባ።

ቀለም ያታልላል። ቀይ ያደረገው ብረት ነው፤ ልመቱን የሚወስነው ግን የቅንጣቶቹ መጠን ነው። የአሸዋ ቅንጣት እስከ 2 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ደለል እንደ ዱቄት ነው። ሸክላ የሚባለው ከ0.002 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው፤ በዓይን አይታይም። ጥቁሩም ቀዩም ሸክላ ናቸው። የሸክላቸው ዓይነት ስለሚለያይ ግን ጥቁሩ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፤ ቀዩ ውሃ አሳልፎ ለእንሰቱና ለቡናው ይመቻል።

ይህን ደቃቅ ነገር ሳስብ አንዲት ሴት ትዝ ትለኛለች። ሥራ በጀመርኩ በጥቂት ወር ውስጥ ሁለት እግሮቿ አብጠው፣ ቆስለው ወደ ጤና ጣቢያው መጣች። ዝሆኔ ነው። የሚተላለፍ መስሎኝ ከሰው ለይቼ ውጭ አግዳሚ ላይ አስቀመጥኳት። በማግስቱ አልመጣችም፤ ከዚያም አላየኋትም። ያ ባዶ አግዳሚ እስከ ዛሬ ከፊቴ አልጠፋም።

በሽታው አይተላለፍም፤ እርግማንም አይደለም። ኧርነስት ፕራይስ የተባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም በአገራችን ባደረጉት ጥናት ከአፈር ጋር መያያዙን አሳይተዋል። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ ሸክላ ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ሲኬድ ደቃቅ ቅንጣቶቹ በቆዳ ገብተው እግሩን ያሳብጣሉ። በአንዳንድ ቤተሰብ የሚበዛው በዘር የሚመጣ ተጋላጭነት ስላለ ነው፤ ሆኖም አፈሩን ያልነካ እግር አይታመምም። የታመመም ቢሆን በየቀኑ በሳሙና ከታጠበ፣ በቅባት ከለሰለሰ፣ ጫማ ካደረገ በእጅጉ ይሻለዋል።

ያደርነው በጤና ረዳትነት አብሮኝ ከሠራ የቀድሞ ባልደረባዬ ቤት ነው። ሲመሽ የልጅ ልጄ ጫማውን ጥሎ ከጎረቤት ልጆች ጋር ኳስ ያዘ። ጮኬ ጠራሁት። «እማማ፣ እነሱም እኮ ባዶ እግራቸውን ናቸው» አለኝ። ምን ልመልስለት? የእሱ ጫማ ደጃፍ ላይ ነው፤ ከእነሱ አንዳንዶቹ ጨርሶ የላቸውም።

ባልደረባዬ ፈገግ ብሎ «ሲስተር፣ አይደንግጡ። አንድ ቀን አይጎዳም፤ የሚጎዳው ዓመታት ነው» አለኝና ጎላ ያለ ሳፋ አወጣ። ልጆቹን ሁሉ በተራ አስቀምጦ እግራቸውን በሳሙና አስታጠበ፤ የጣቶቻቸውን መሐል እኔ አደረቅሁ። በዚህ ቤት የየምሽቱ ደንብ እንዲህ ነው፤ የጎረቤት ልጅም ቢሆን ሳይታጠብ አይሄድም። በማግስቱ ከገበያ ለሦስቱ ጫማ ገዛሁ። አርባ ዓመት የዘገየ መሆኑን አውቃለሁ።

ያን ምሽት ሦስቱን አፈር በሦስት ባዶ የውሃ ጠርሙስ እስከ ሲሶው ሞልተን፣ ውሃና ቆንጥር የዱቄት ሳሙና ጨምረን፣ ደህና አድርገን በጥብጠን መስኮት ላይ አስቀመጥናቸው። አሸዋው ወዲያው ወረደ። ደለሉ ሰዓታት ፈጀ። በነጋታው የዝዋዩ ውሃ ሲጠራ የወላይታው ገና ቀይ ነበር።

«እማማ፣ ይሄ አልወርድም አለ» አለኝ።

«በእግር የሚገባው እሱ ነው» አልኩት። ምንም ሳይናገር ጫማውን ፍለጋ ወጣ።