ሞንታርቦው ዝም ሲል

የዛሬው ወጋችን የመንገድ ወግ ነው። መንገዱ ወደ ጋይንት ይወስደናል፤ ጨዋታው ስለ ሙዚቃ ነው፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ የፍቅር ጣጣ አለበት። እንግዲህ ጋቢያችሁን ደረብ አድርጋችሁ ተከተሉኝ፤ የምንሄድበት አገር ይበርዳል።

ጊዜው ጥር 2011 ዓ.ም. ነበር። የአንድ ወዳጄ እህት ልትዳር ነውና ነፋስ መውጫ ድረስ ተጠራሁ። ነፋስ መውጫ የላይ ጋይንት ወረዳ ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ተነስታችሁ ወረታ ስትደርሱ የጎንደርን መንገድ ትታችሁ ወደ ምሥራቅ ትታጠፋላችሁ። መንገዱ ወረታን ከወልዲያ የሚያገናኘው፣ በደርግ ዘመን ቻይናዎች የሠሩት መንገድ ነው። ደብረ ታቦርን ካለፋችሁ በኋላ ጉና ተራራ ይቀበላችኋል። ጉና ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ ጣና የሚገቡት ርብና ጉማራ የሚነሱትም ከእሱ ነው። በጥር ጠዋት ጉናን በመኪና ማለፍ ማለት... በቃ፣ ጥርስ ከጥርስ ሲጋጭ መስማት ነው።

እኔ ግን የጥርሴን ድምፅ እንኳ አልሰማሁም። ለምን ቢሉ ረዳቱ ካሳፈረን ሰዓት ጀምሮ የሠርግ ዘፈን ለቆብን ነበር። ያውም የኦርጋን! ዱም ዱም ይላል፤ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፤ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ነጠላቸውን ጆሯቸው ላይ ጠቅልለው ተኝተዋል። “ትንሽ ቀንስልን” ቢባል ረዳቱ “ያለ ሙዚቃ ጉና አይታለፍም” ብሎ መለሰልን። ሳቅንና ተውነው።

ነፋስ መውጫ ስሟ ስሟ ነው። ነፋሱ በአንዱ ጎዳና ይገባና በሌላው ይወጣል። ከሠርጉ ቤት ደርሼ ጠላ ቀምሼ ሳበቃ የዳሱን ማዕዘን የያዘውን ነገር አየሁት፦ ሁለት የሚያካክሉ ሞንታርቦዎች! ከደብረ ታቦር የመጣ ኦርጋን ተጫዋች ከነጓደኞቹ ሽቦ ይዘረጋል። ልጁ ዕድሜው ከእኔ ብዙ አይርቅም፤ ጥቁር መነጽር አድርጓል፤ ጨዋታ ያውቃል። ስንተዋወቅ “የሙዚቃ ባለሙያ ነኝ” አለኝ። ይቺን አነጋገር ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ሙሽራው ከስማዳ ነው የመጣው፤ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ቆላ ከሚወርደው አገር። ዘመድ ደግሞ ከእስቴም ከታች ጋይንትም ተሰብስቧል። ማታ ላይ ኦርጋኑ ተጀመረ። እውነቱን ልናገር? ደስ ይላል። ወጣቱ ይዘላል፤ አቧራው ይነሳል። ግን ሽማግሌዎቹ አንድ ባንድ ወደ ውጭ መውጣት ጀመሩ። መነጋገር አልቻሉማ! ከአጠገቤ ያለው ሰው አፉ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ምን እንዳለኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ዘፋኙም ምን እያለ እንደሚዘፍን የሚሰማው የለም፤ የሚሰማው ዱም ዱሙ ብቻ ነው።

ሦስት ሰዓት አልፎ መብራት ጠፋ። አገር ምድሩ ጨለመ። “ጄኔሬተር! ጄኔሬተር!” ተባለ። ጄኔሬተሩ ተጎተተ፤ ተሳበ፤ ተለመነ፤ አልነሳም አለ። ኦርጋን ተጫዋቹ በስልኩ መብራት ፊቱ ሲታይ ላብ አጥምቆታል። የሙሽሪት አጎት መጥተው “ልጄ፣ እንዲህ ከሆነማ የተነጋገርነውን ሙሉውን አንከፍልም” አሉት። በሰው ሠርግ መሐል እንዲህ መባል ምን ያህል ያሸማቅቃል?

ያን ጊዜ ከዳሱ በር ዘንድ፣ ከጠላው ጋን አጠገብ፣ አንድ ድምፅ ተሰማ። ቀጭን፣ ሻካራ፣ የሚያለቅስ የሚመስል። ማሲንቆ ነው። ሳይጠሩ የመጡ አንድ አዛውንት ጥግ ይዘው ተቀምጠው ኖሯል። ማንም ልብ ያላቸው አልነበረም። ሰው ሁሉ ዝም አለ። ወጥተው የነበሩት ሽማግሌዎች አንገታቸውን አስገብተው “ማነው?” ይላሉ። አዛውንቱም በፋኖስ ብርሃን ወደ መሐል መጥተው ተቀመጡ።

ከስማዳ ከመጡት ሚዜዎች አንዱ ብድግ አለና “ተቀበል!” ብሎ ግጥም ሰጣቸው፦

“ጉናን ተሻግሬ ሙሽራ ላይ ብመጣ፣
መብራት አፈረና ዳሱን ጥሎ ወጣ።”

አዛውንቱ እያንዳንዱን ቃል ማሲንቆው ላይ እያሻሹ ደገሙት። ዳሱ በሳቅ ፈረሰ! ሙሽሪት በሻሿ ሥር ስትስቅ ታየች። ከዚያማ ማን ያቁመው? እስቴ ስማዳን ይወጋል፣ ስማዳ ጋይንትን ይመልሳል፤ እናቶች ግጥም ያቀብላሉ። ቀን ከወገባቸው ጎንበስ ብለው የሚሄዱ አንድ አያት እስክስታ ወረዱ። ከኦርጋኑ ጊዜ ይልቅ አሁን ሰዉ ዳሱን ሞላው።

ለምን ይሆን? እያልኩ ሳስብ አመሸሁ። አንደኛው ምክንያት ቀላል ነው፤ ቃሉ ተሰማ። አዝማሪን አዝማሪ ያሰኘው ግጥሙ ነው። ሁለተኛው፣ ማሲንቆ ያለው አንድ ጅማት ብቻ ነው፤ ከፈረስ ጭራ የተሠራ። ጣት በጅማቱ ላይ እየተንሸራተተች በድምፅና በድምፅ መካከል ያለውን ሁሉ ትነካለች። የኦርጋን ቁልፍ ግን ተራራቸው አስቀድሞ የተለካ ደረጃ ነው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ትዘላላችሁ እንጂ አትንሸራተቱም። ትዝታም ሆነ አምባሰል፣ ባቲም ሆነ አንቺ ሆዬ ሆድ የሚያባባው እዚያ መንሸራተቻው ላይ ነው። ሦስተኛውና ትልቁ ምክንያት ግን ሌላ ነው፤ አድማጩ ሥራ አገኘ። በሞንታርቦ ፊት እኛ ጆሮ ብቻ ነን። በማሲንቆ ፊት ግጥም ሰጪም፣ አጨብጫቢም፣ ተቀባይም ነን። ሙዚቃው ያለ እኛ አይሄድም።

ይህ የእኛ አገር ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካኖቹም ደርሰውበታል። ግሬትፉል ዴድ የሚባለውን የሮክ ባንድ የሙዚቃ ወዳጆች ታውቁት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1974 ዓ.ም. “የድምፅ ግንብ” የተባለ፣ ቁመቱ ሕንፃ የሚያክል የድምጽ ማጉያ ክምር ይዞ የዞረ ባንድ ነው። የእኛ ሞንታርቦ ከዚያ ፊት መጫወቻ ነው! ይሁንና የዚሁ ባንድ መሪ ጊታሪስት ጄሪ ጋርሲያ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1973፣ ኤሌክትሪክ ጊታሩን አስቀምጦ ባንጆ አንስቶ ነበር። ከጓደኞቹ ጋር ብሉግራስ መጫወት ጀመረ። ብሉግራስ በኬንተኪው ተወላጅ በቢል ሞንሮ አማካይነት በ1940ዎቹ መልክ የያዘ የገጠር ሙዚቃ ነው፦ ማንዶሊን፣ ባንጆ፣ ቫዮሊን፣ ጊታርና ትልቅ ቤዝ። ከበሮ የለበትም። የድሮዎቹ በአንድ ማይክሮፎን ዙሪያ ቆመው ተራ በተራ ቀረብ እያሉ ይጫወቱት ነበር። ጋርሲያና ጓደኞቹ በዚያው ዓመት ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በሕዝብ ፊት የተጫወቱት ተቀድቶ በ1975 በሸክላ ወጣ፤ በብሉግራስ ታሪክ በብዛት ከተሸጡትም አንዱ ሆነ። የሮክ አድናቂዎቹ “ምነው ድምፁ ቀነሰ?” ብለው አልተቀየሙም፤ እንዲያውም ጣቱን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰሙት ያን ጊዜ ነው ማለት ይቻላል። ለነገሩ ሰውየው ከሮክ በፊትም ባንጆ ተጫዋች ነበር። ወደ ቤቱ ነው የተመለሰው።

ከአዲስ አበባም ምሳሌ አለን። ጊታሪስቱ ግሩም መዝሙር እ.ኤ.አ. በ2008 አዲስ አኩስቲክ ፕሮጀክት የተባለውን ቡድን አቋቁሞ የ1950ዎቹንና የ60ዎቹን የአማርኛ ዜማዎች በአኮርዲዮን፣ በክላርኔት፣ በማንዶሊንና በከበሮ መልሶ አሰምቶናል። ማንዶሊኑን የያዙት አንጋፋው አየለ ማሞ ነበሩ። ወላጆቻችን “ይሄማ የእኛ ጊዜ ነው” ሲሉ፣ ልጆቹ ደግሞ “አዲስ ነገር ነው” አሉ። ከዚያም ወደ ኋላ ብንሄድ፣ እ.ኤ.አ. በ1963 የተመሠረተው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ማሲንቆን፣ ክራርን፣ በገናንና ዋሽንትን በአንድ መድረክ ሰብስቦ ነበር። ቻርልስ ሰተን የተባለ የሰላም ጓድ አባል ማሲንቆ ተምሮ አብሯቸው ተጫውቷል፤ በ1969ም ቡድኑ “ብሉ ናይል” በሚል ስም አሜሪካን ዞሮ ተመልሷል።

ጋይንት ላይማ ይህ ነገር ሥር አለው። የድጓ ምስክር የሚሰጥባት ቤተልሔም ያለችው በዚሁ በጋይንት ምድር ነው። ቅዱስ ያሬድ ዝማሬና መዋሥዕትን ደረሰበት ተብሎ በትውፊት የሚነገረው ዙር አምባም የዚሁ አገር ነው። ጉሮሮ፣ መቋሚያ፣ ጸናጽልና ከበሮ ብቻ ይዞ ሌሊቱን የሚያነጋ አገር፣ መብራት ሲጠፋ ግራ ቢጋባ ነበር የሚገርመው።

አሁን ወደ ዳሱ እንመለስ። ኦርጋን ተጫዋቹ ጥግ ላይ ቆሞ ከንፈሩን ይነክሳል። አዛውንቱ ወደሱ ዘወር አሉና አንድ ነገር ተናገሩት። አማርኛ ይመስላል፤ ግን አንድም ቃል አልገባኝም። ልጁም በዚያው ቋንቋ መለሰላቸው። አዝማሪዎች እርስ በርስ የሚግባቡበት የራሳቸው ቋንቋ እንዳላቸው ሰምቼ ነበር፤ ያን ሌሊት በጆሮዬ ሰማሁት። ያወቀ ሁሉ አወቀ። ልጁ ለካ የአዛውንቱ የወንድም ልጅ ነው!

ትንሽ ቆመ። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ከአጎቱ እግር ሥር ቁጭ አለና ዘፈነ። ያለ ማይክሮፎን፣ በባዶ ጉሮሮ። ስንት ሰዓት ሙሉ በሞንታርቦ ያልሰማነው ድምፅ ያን ጊዜ ተሰማ። ከእስቴ የመጡ አንድ አባት ከሁሉ በላይ እያጨበጨቡ፣ መቶ ብር ግንባሩ ላይ ለጠፉለት።

ሌሊቱን ከልጁ ጋር አንድ ጋቢ ተጋርተን ስናወራ ነው ነገሩን የነገረኝ። ደብረ ታቦር ውስጥ የሚወዳት ልጅ አለች። ብር የለጠፉለት ሰውዬ አባቷ ናቸው! “ባለሙያ ነኝ” ሲላቸው ኖሯል እንጂ “የአዝማሪ ልጅ ነኝ” ብሎ አያውቅም።

“ታዲያ ለምን ዘፈንክ?” አልኩት።

“አጎቴ ብቻቸውን ሲለፉ ዝም ብዬ ልቁም እንዴ?” አለኝ።

ጠዋት ቁርስ ላይ እኚያ አባት ከጎኔ ተቀመጡ። እኔም ጨዋታ ለማምጣት ያህል “ጋሼ፣ የማታው ልጅ እንዴት ነው?” አልኳቸው። “ጨዋታ ያውቃል። አንጀቴን ነው የበላው” አሉና ቆየት ብለው “አጥንቱን ግን አላውቅም ነበር” አሉ። እንጀራው አልወርድ አለኝ።

ከዚያ ወዲህ አገሩ ብዙ አይቷል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ድረስ ገብቶ ነበር፤ ከዚያም በኋላ መከራው አላባራም። እኔ ግን ያን ሠርግ አልረሳም። ልጁ ከሠርጉ በኋላ ሽማግሌ ልኮ “እናስብበት” ተብሎ ተመልሷል። የነገረኝ ወዳጄ እንዳለው፣ ልጅቱ ያን ጊዜ አባቷን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀቻቸው፦ “አባባ፣ ያን ሌሊት ያጨበጨቡት ለማን ነበር?” አባትዬው ዝም አሉ። በሦስተኛው ወር ሽማግሌዎቹ ሁለተኛ ሲመጡ ግን “ግቡ” ብለው አስቀመጧቸው። ተቀመጡ ማለት ተሰጠ ማለት አይደለም፤ ቢሆንም በራችን ተከፍቷል ማለት ነው።

እንግዲህ ምክሬን ልስጥና ላብቃ። ሠርግ የምትደግሱ፣ ኦርጋኑን አትጥሉት፤ ወጣቱ ይጨፍርበት። ግን ለአንድ ሰዓት ያህል መብራት ሳይጠፋም አጥፉት። ማሲንቆ ተጫዋቹን ከበር ዘንድ ሳይሆን ከመሐል አስቀምጡት። ዋጋውንም እንደ ኦርጋኑ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ግንባር ላይ የሚለጠፍ ብር ሽልማት እንጂ ደመወዝ አይደለም። ከሁሉም በላይ፣ ጨዋታውን ወዳችሁ ተጫዋቹን አትናቁ። ድምፁን በልባችን ካስገባነው በኋላ ሰውየውን ከደጅ ማቆም ነውር ነው።