ባሕር ዳር በሁለት ጎማ

ባሕር ዳርን በመኪና ብቻ ያየ ግማሿን ነው ያየው። ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያረፈችው ከተማ ሜዳ ናት፤ ዘንባባና ትልልቅ ዛፎች መንገዶቿን ያጠሉላታል። ተማሪውም ሠራተኛውም ብስክሌት ይነዳል። አዲስ አበባ ውስጥ ልጅን በብስክሌት አስፋልት ላይ ማውጣት ድፍረት ይጠይቃል፤ እዚህ ግን ለቤተሰብ ከሚመቹ መዝናኛዎች አንዱ ነው። በሰዓት ሂሳብ የሚያከራዩ ወጣቶችም አይጠፉም።

እኛም አራት ብስክሌት ተከራይተን ከጣና ዳር ተነሳን። ዕቅዳችን በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን፣ 380 ሜትር የሚረዝመውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ አይተን ወደ ቤዛዊት ኮረብታ መውጣት ነበር። ኮረብታው ላይ አፄ ኃይለ ሥላሴ ያሠሩት ቤተ መንግሥት አለ፤ ከዚያ ሆኖ ዓባይ ጣናን ተሰናብቶ ሲሄድ ቁልቁል ይታያል።

ድልድዩ ጋ ሳንደርስ ግን የ11 ዓመቷ ልጃችን ብስክሌት የኋላ ጎማ ይወላገድ ጀመር። አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ ከፍሬኑ ጋር ይፋተጋል። «ማሚ፣ ጎማው ሰክሯል» አለችኝ።

ዛፍ ጥላ ሥር ጆንያ ላይ መፍቻዎቻቸውን የዘረጉ አንድ አባት አገኘን። ጎማውን ይዘው ወደ ጎን ነቀነቁትና «መሃል ዘንጉ ተሰብሯል» አሉ።

«ዳዶውን አጥብቀውልን ቤዛዊት ደርሰን ብንመለስስ?» ሲል ባለቤቴ ጠየቃቸው።

«መውጣቱንስ ትወጣዋለች፤ ቁልቁለቱ ላይ ጎማው ቢከዳትስ፣ ልጄ?»

ከዚህ በኋላ የተከራከረ የለም። የቀኙ ዳዶ በዝገት ተጣብቆ አልፈታ ሲላቸው ጉልበት አልጨመሩም፤ ዘይት ጠብ አድርገው «ዝገት በቁጣ አይለቅም» ብለው ሻይ እንድንጠጣ ላኩን። ስንመለስ መዶሻቸውን ቀስ አድርገው መታ መታ አደረጉና ወደ ግራ ሲያዞሩት ተፈታ። ዘንጉ ሁለት ቦታ ሆኖ ወጣ።

ምክንያቱን ሳንጠይቅ አስረዱን። በእንዲህ ዓይነት ብስክሌት የኋላ ጎማ በቀኝ በኩል የካቴናው ጥርሶች ቦታ ስለሚይዙ፣ ኩሽኔታው ከፍሬሙ ርቆ ወደ ውስጥ ይገባል። በዚያ በኩል ያለ ደጋፊ የሚቀረው የዘንጉ ክፍል ይረዝማል፤ ጉድጓድ በተመታ ቁጥር ጎበጥ ቀና እያለ ደክሞ ይሰበራል።

ደውለንለት የመጣው አከራይ «ልጅቷ ናት የሰበረችው» ብሎ ሂሳቡን እኛ እንድንከፍል ፈለገ። ልጄ ዓይኗ እንባ ሞላ። አባትየው ሁለቱን ስባሪዎች አሳዩት፤ የስብራቱ ገጽ ግማሹ ዝጎ ጠቁሯል፣ ግማሹ ገና ያብረቀርቃል። «ጥቁሩ የቆየ ስንጥቅ ነው። ዛሬ የተሰበረው ይሄ የሚያበራው ብቻ ነው» አሉት። ወጣቱ አንገቱን ደፍቶ ከፈለ፤ ልጄንም ይቅርታ ጠየቃት።

አዲሱ ዘንግ ሲገባ የኩሽኔታውን የብረት ኳሶች በየጎኑ ዘጠኝ ዘጠኝ አድርጋ የቆጠረችው እሷ ናት። ግሪስ ተቀብቶ ሲጠብቅ፣ ጎማው ሳይነቀነቅ በነፃነት መሽከርከሩን አባትየው ደጋግመው አረጋገጡ። ቤዛዊት የደረስነው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው፤ ቁልቁለቱንም ልጄ ከፊት እየመራች ወረድነው።

ከልጆቻችሁ ጋር ብስክሌት የምትከራዩ ከሆነ፣ ከመክፈላችሁ በፊት የኋላውን ጎማ አንሡና ወደ ጎን ነቅንቁት። ከተንቀጠቀጠ ሌላ ይሰጧችሁ። ቀጥሎ አሽከርክሩት፤ በፍሬኑ መሃል ቀጥ ብሎ መዞር አለበት። የግራና የቀኝ ዳዶዎች መጥበቃቸውን እዩ፤ ለአብዛኞቹ 15 ቁጥር መፍቻ ይበቃል። መንገድ ላይ ዘንጉ ከተሰበረ ደግሞ ልጁን አውርዳችሁ ብስክሌቱን እየገፋችሁ ሂዱ። የተሰበረ ዘንግ ሜዳ ላይ ይታገሣል፤ ቁልቁለት ላይ ግን አይታገሥም።