አወዳደቅን ያሳምርልን

በአሜሪካን ፉትቦል አንድ ሰው ወዴት እንደሚወድቅ ትልቅ ጉዳይ ነው። ለማታውቁት ባጭሩ፦ ኳስ የያዘው ቡድን 10 ያርድ ለመሄድ አራት ሙከራ አለው፤ አንድ ያርድ 91 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። (እኛ ኳስ የምንለውን «ሶከር» ስለሚሉት ዛሬ አንጣላም።) ስለዚህ ኳስ የያዘው ልጅ ሲመታ በአፍጢሙ ወደ ፊት መደፋቱ ወይም በጀርባው መንጋለሉ አንዳንዴ የጨዋታውን ውጤት ይቀይረዋል።

እስቲ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። 100 ኪሎ የሚመዝን ሯጭ በሰከንድ 8 ሜትር እየበረረ ይመጣል። 110 ኪሎ የሆነ ተከላካይ በሰከንድ 5 ሜትር ፊት ለፊት ይገጥመዋል። ተጣብቀው ቢቀሩ፣ 800 ሲቀነስ 550፣ የቀረው 250 ለ210 ኪሎ ሲካፈል፣ ሁለቱም በሯጩ አቅጣጫ በሰከንድ 1.2 ሜትር ገደማ ይሄዳሉ። ወደ ኋላ የሚገፋው ከባዱ ሰውዬ ነው ማለት ነው። ሯጩ ተይዞም ያርዷን አገኛት።

የድሮዎቹ ጌሞች ይህን ሒሳብ አይሠሩም ነበር። «ማደን»ን ውሰዱ። (ስሙ በፊደላችን ሲጻፍ ከአውሬ አደን ጋር መመሳሰሉ አጋጣሚ ነው፤ ግን ብዙም አልራቀም።) በአሠልጣኙ በጆን ማደን ስም የመጀመሪያው በ1988 ወጣ፤ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው። ሰውዬው 11 ለ11 ካልሆነ ስሜን አልሰጥም ብሎ ነበር ይባላል። እኔ የማውቃቸው የኋለኞቹ ግን የሚሠሩት እንዲህ ነው፦ ሁለት ሰዎች ሰውነታቸው ላይ ምልክት ተለጥፎ ስቱዲዮ ውስጥ ይጋጫሉ፤ ግጭቱ ይቀረጻል። እንዲህ ያለ ቅጂ በብዛት ይከማቻል። ጌሙ ውስጥ ሁለት ተጫዋቾች ሲቀራረቡ ኮምፒውተሩ ከክምሩ አንዱን መርጦ ያጫውታል። ከዚያች ቅጽበት በኋላ የምታዩት ፊልም ነው። ጆይስቲኩን ብትጨቀጭቁት ምንም አታመጡም። ተከላካዩ ከቅጂው መነሻ ቦታ ራቅ ካለ ደግሞ ማግኔት እንደሳበው ሚስማር ሸርተት ብሎ ይመጣና ይለጠፋል። ሦስተኛ ሰው ቢደርስ ፊልሙ ውስጥ ድርሻ የለውም፤ ዙሪያውን ሲራወጥ ይቀራል።

ይህንን ሊያፈርስ የመጣው «ባክብሬከር» ነው፣ በ2010። የሠራው ናቹራልሞሽን የተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ ነው፤ «ዩፎሪያ» የሚሉት ቴክኖሎጂያቸውን በ«ጂቲኤ 4» አይታችሁታል፣ ሰው ሲገፋ የሚንገዳገደውን። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ተጫዋቹ አጥንትና መገጣጠሚያ ብቻ ሳይሆን በስሌት የሚሠራ ጡንቻም አለው፤ ሲመታ ላለመውደቅ ይታገላል፣ እጁን መሬት ላይ ይልካል፣ ያገኘውን ሰው ይጨብጣል። ሁሉም እዚያው በዚያው ይሰላል እንጂ የተቀረጸ ፊልም አይጫወትም። አንዱ አወዳደቅ ከሌላው አይመሳሰልም።

ግን ጌሙ አልሆነም። የኤንኤፍኤል ቡድኖችን የመጠቀም ብቸኛ መብት ከ2004 መጨረሻ ጀምሮ የኤሌክትሮኒክ አርትስ ስለነበር ቡድኖቹ ሁሉ የፈጠራ ነበሩ፤ ይህ አንድ ነገር ነው። ለእኔ ዋናው ችግር ካሜራው ነበር። ግጭቱን እንድናጣጥም ከተጫዋቹ ጀርባ አስጠግተው ሰቀሉት፤ ታዲያ ኳስ የሚቀበለው ልጅ የት እንዳለ እንዴት ይታያል? ፉትቦል እኮ ከግጭቱ በፊት ባሉት ሦስት ሰከንዶች ውስጥ የሚወሰን ጨዋታ ነው። በመውደቂያው ፍቅር ወድቀው መሮጫውን ረሱት።

«ማደን 13» በ2012 መካከለኛውን መንገድ ያዘ፦ ቅጂው ይጫወታል፣ ግጭት ሲመጣ ግን ክብደትና ፍጥነት ቅጂውን ሊያጣምመው ይችላል። ስሙን «ኢንፊኒቲ ኢንጂን» አሉት። መጀመሪያ ላይ ዋናው ትርፉ ሳቅ ነበር። ዳኛው ፊሽካ ነፍቶ ሁሉም ሊበታተን ሲል አንዱ የወደቀ ጓደኛው እግር ላይ ተደናቅፎ ይዘረጋል፣ ሌላው እሱ ላይ። አረቄ ቤት የተዘጋ ሰዓት ይመስላል። ፊዚክስ ይሉኝታ የለውም፤ ጨዋታው አልቋል ብላችሁ አትነግሩትም።

ቤታችን ግን ያልጠበቅኩት ነገር ሆነ። ሜሪላንድ ነው ያደግነው። እማዬ ነርሲንግ ሆም ውስጥ የሌሊት ሥራ ትሠራለች፤ ማታ ማታ ልትወጣ ስትዘገጃጅ እኔ ከቴሌቪዥኑ ፊት ነኝ። የድሮውን ማደን ስጫወት አንድ ቀን ቀና ብላ አይታ አታውቅም፤ ካርቱን ነው ለእሷ። አዲሱ በመጣ ሰሞን ሯጬ አየር ላይ እያለ ከጎን ተመታና አንገቱ ታጥፎ ወደቀ። እማዬ ጫማዋን እያሰረች «ኧረ አንገቱ!» ብላ ደረቷን ያዘች። ከዚያ «አወዳደቅን ያሳምር» አለችና ወጣች። ከዚያ በላይ የሚያሳምን የጌም ግምገማ አላነበብኩም።

የእሷ ድንጋጤ ጥያቄ ጥሎብኝ ሄደ። ኢንጂኑ ጉልበትን፣ ትከሻን፣ ዳሌን ያሰላል። ራስ ቅል ውስጥ አንጎል ሲናወጥ ግን አያሰላም። ያኛው ፊዚክስ በስክሪን አይታይም፤ የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነው። በ2017 የታተመ የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ጥናት አንጎላቸው ከተመረመረ 111 የቀድሞ የኤንኤፍኤል ተጫዋቾች በ110ሩ ላይ ሲቲኢ የተባለውን የአንጎል በሽታ አግኝቷል። እርግጥ አንጎሉን የለገሱት በብዛት ችግር የጠረጠሩ ቤተሰቦች ስለሆኑ ቁጥሩ ሁሉንም ተጫዋች አይወክልም። ቢሆንም ቁጥሩ ቁጥር ነው። እማዬ ጥናቱን አላነበበችም፤ የልጃቸው ስም የጠፋባቸው አዛውንቶችን ግን በየሌሊቱ ታገላብጣለች።

ጌሞቹ ጉዳዩን ጨርሰው አልዘነጉትም። «ማደን 12» ላይ ጭንቅላቱን የተመታ ተጫዋች በዚያ ግጥሚያ እንዳይመለስ ተደረገ። ያ ግን ደንብ ነው፣ በጽሑፍ የገባ። ሰውነቱ ራሱ ትዝታ የለውም፤ መቶ ጊዜ በራሱ ቢተከል መቶ አንደኛውን በትኩስ ጭንቅላት ይጀምራል። በጥር 2023 የቡፋሎው ዳማር ሃምሊን ተጋጥሞ ከተነሣ በኋላ ልቡ ቆሞ ሜዳ ላይ ተዘረረ፤ ደረቱን እየተጫኑ አዳኑት። በዚያን ጊዜ «ማደን 23» ውስጥ ተጫዋቾች ነጥብ ሲያስቆጥሩ ደረት እየተጫኑ ሕይወት የማዳን ድራማ የሚሠሩበት የደስታ መግለጫ ነበር። ኩባንያው በዚያው ወር እንደሚያወጣው አስታወቀ። ማውጣቱ ቀላል ነው፤ አንድ ቅጂ ነዋ።

ታናሽ ወንድሜ አሁን ፍላግ ፉትቦል ይጫወታል። ወገብ ላይ ጨርቅ ይታሰራል፤ ተከላካዩ ጨርቁን ከመነጨቀው ጨዋታው ይቆማል፣ መጣል የለም። በ2028 የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ውስጥ ይገባል። እማዬ ፎርሙን ሳታንገራግር ፈረመች። ልጁ ሰሞኑን የያዘው ክርክር፣ የዚህኛው ጥሩ ጌም ለመሥራት ከማደን ይከብዳል የሚል ነው፦ ክብደት ምንም አያደርግልህም፤ ማስላት ያለብህ አንድ እጅ ወደ ጨርቁ ሲዘረጋ ዳሌ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚጠማዘዝና ጣቶቹ በስንት ሳንቲሜትር እንደሳቱ ነው። እንዴት እንደሚሠራ ሳሎን ውስጥ ሊያሳየኝ ሲሞክር የቡና ረከቦቱን ሊያፈርሰው ነበር።