ባቡር በማያልፍበት መንደር የቆመች ማማ

ልጃችሁ መጫወቻ ይዞ መጥቶ «ይሄ ነገር እኛ አገር የት ነው ያለው?» ብሎ ጠይቋችሁ ያውቃል? እኔን የስምንት ዓመቷ ልጄ ጠይቃኛለች። መልሱን ፍለጋ ሁለት ወር ያህል የምግብ ጠረጴዛውን ይዘን፣ ባለቤቴን አስመርረን፣ በመጨረሻ ከክብሪት ቀፎ የማትበልጥ አንዲት የእንጨት ሥራ ሠርተን ተነሣን። ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ እሷ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ውጭ አገር የሚኖረው ወንድሜ በላከው ስጦታ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሄድ ትንሽ ባቡር፣ ክብ ሆኖ የሚገጣጠም ሐዲድ፣ ቁመታቸው ሁለት ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰዎችና አንዲት ቀይ ጣሪያ ያላት የፕላስቲክ ጣቢያ። ካርቶኑ ላይ 1፡87 ተጽፏል። እውነተኛው ነገር ለ87 ተካፍሎ ተሠርቷል ማለት ነው። በሌላው ዓለም ትልልቅ ሰዎች ሳይቀሩ በዚህ መጠን ከተማና ገጠር እየሠሩ፣ መሐሉን በባቡር እያቋረጡ ዕድሜያቸውን ሙሉ ይጫወታሉ።

ልጄ ባቡሩን ጥቂት ካዞረች በኋላ ጣቢያዋን አንሥታ አገላበጠቻት።

«አባዬ፣ ይቺ የት ናት?»

«ፈረንጅ አገር።»

«የእኛስ?»

ቅዳሜ ወደ ለገሐር ወስጄ የድሮውን ጣቢያ ከውጭ አሳየኋት። ስሙ ራሱ ፈረንሳዮች ጣቢያን ከሚጠሩበት ቃል የመጣ መሆኑን፣ ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1909 ዓ.ም. መሆኑን ነገርኋት። ቤት ስንመለስ ማስመሪያ አምጥተን የመጫወቻውን ሐዲድ ስፋት ለካን፤ 16.5 ሚሊ ሜትር ነው። በ87 ስናባዛው 1 ሜትር ከ43 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ መጣ። የድሮው የጅቡቲ ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ብቻ ነበር፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ግን 1 ሜትር ከ435 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ የልጄ ባቡር የሚሄደው በአዲሱ መሥመር ነው ማለት ነው። እኔ በስሌቱ ደስ ብሎኝ ሳለ እሷ ሌላ ነገር ታስብ ኖሯል።

«አያቴ ጋ ይደርሳል?»

አይደርስም። አባቴ የሚኖሩት ምዕራብ ጎጃም፣ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ባለ ቀበሌ ነው። ከአዲስ አበባ የተነሣ ሰው የዐባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ፣ ደጀንን፣ ደብረ ማርቆስንና ደምበጫን አልፎ ነው ፍኖተ ሰላም የሚገባው። ቡሬ ሲደርስ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ባሕር ዳር፣ አንዱ ዐባይን መልሶ ተሻግሮ ወደ ነቀምት ይሄዳል። ሐዲድ ግን በዚያ በኩል የለም። ልጄ አያቷን ያየቻቸው አንድ ጊዜ፣ ገና በእናቷ ጀርባ ላይ ሳለች ነው። ከዚያ ወዲህ መንገዱ አልተመቸንም።

«እንግዲያው እዚህ ይድረስ» አለችና ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገችው።

ከአያቷ አገር ምን እንሥራ? የሣር ቤቱ ቆርቆሮ ለብሷል። አስቤ አስቤ የመጣልኝ በሕይወቴ በገዛ እጄ የሠራሁት ብቸኛ «ቤት» ነው፤ ማማ። ከተማ ላደጋችሁ ልንገራችሁ። ማማ በማሳ መሐል ከፍ ብሎ በእንጨት እግሮች ላይ የሚቆም መጠበቂያ ነው። አናቱ ላይ ትንሽ የሣር ጥላ አለው። በቆሎው ሲያሽት ልጆች እዚያ ላይ ወንጭፍ ይዘው ይቀመጡና ቀን ጦጣና ዝንጀሮ ይጠብቃሉ። ማታ ደግሞ ጃርትና ከርከሮ ስለሚመጣ ተራው የአዋቂ ነው። እኔ በአሥር ዓመቴ ከአባቴ ጋር አንድ ማማ ሠርቼ፣ ሁለት ክረምት መውጫ እዚያው ላይ ተቀምጫለሁ።

ሥራውን በልበ ሙሉነት ጀመርነው። እውነተኛዋ ማማ ሦስት ሜትር ያህል ከፍታ ካላት፣ የእኛዋ 34 ሚሊ ሜትር ትሆናለች። ወለሏ አንድ ሜትር ተኩል ከሆነ የእኛው 17 ሚሊ ሜትር ነው። በመጀመሪያ እግሮቿን በስቴኪኒ ሠራኋቸው። የስቴኪኒ ውፍረት ሁለት ሚሊ ሜትር ነው፤ ቀላል ይመስላል፤ በ87 ስታባዙት ግን ከ17 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። የስልክ እንጨት የመሰለ እግር ሆነ። ልጄ ከመጥረጊያ ላይ ቀጭን ጭራ መዝዛ አመጣች፤ አንድ ሚሊ ሜትር ነው። ልክ ለማሳ የሚቆረጥ የባሕር ዛፍ አጣና ሆነ። በምላጭ ቆርጠን፣ በወረንጦ ይዘን፣ በእንጨት ኮላ አጣበቅን። ማሰሪያውን ልጥ እንዲመስል በቡና ውሃ በነከርነው ክር አሰርነው። ለክዳኑ ከገመድ ላይ ቃጫ ፈትተን በአጭሩ ቆረጥን፤ እውነተኛ ሣር ለዚህ መጠን ይወፍራል። ፀሐይና ዝናብ የመታው እንጨት አመድማ መልክ ስላለው፣ አመድ በውሃ በጥብጠን በቀጭን ብሩሽ ቀባናት። በሦስተኛው ሳምንት አምራ ቆመች።

ለአባቴ ደወልሁ። የእኔና የእሳቸው የስልክ ወሬ ለዓመታት አንድ ዓይነት ነው፤ ደኅና ናችሁ፣ ደኅና ነን፣ ዝናቡ እንዴት ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የዚያን ዕለት ግን ማማ እየሠራን መሆኑን ነገርኋቸው።

«ማማ? አዲስ አበባ ላይ ምን ልትጠብቅበት?»

ነገሩን አስረዳኋቸው። ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸው የሥራ ድምፅ ሆነ።

«የእግሩን ጫፍ እንዴት አደረግኸው?»

«ቀጥ አድርጌ ቆረጥሁት።»

«አግዳሚውንስ በምን ያዝኸው?»

«አሰርሁት፤ በልጥ፤ ማለቴ በክር።»

«ልጥ በዝናብ ይበሰብሳል። ባላ የሌለው ማማ ሰው ይጥላል። አፍርሰህ ባላ ቁረጥ።»

ረስቼው ኖሯል። የማማ እግር ጫፉ እንደ ሁለት ጣት የተከፈለ ባላ ነው፤ አግዳሚው በባላው ላይ ያርፋል፤ ልጡ እንዳይንሸራተት ብቻ ነው የሚይዘው። ያንን ባላ ከአባቴ ጋር ጫካ ለጫካ ስንፈልግ የዋልነው እኔው ራሴ ነኝ። አሁን ግን በስልክ የሚነገረኝ ሰው ሆንሁ። የሦስት ሳምንት ሥራችንን አፈረስናት። ልጄ ከግቢያችን የጽድ አጥር ላይ የደረቁ ቅርንጫፎች ስትመርጥ ሁለት ቀን ቆየች። አራት እኩል ባላ አገኘች፤ እንደ ወርቅ በመሐረብ ጠቅልላ አመጣቻቸው።

ከዚያ ወዲያ ስልኩ የእኔ መሆኑ ቀረ። ማታ ማታ የምትደውለው እሷ ናት።

«አያቴ፣ ከሐዲዱ አጠገብ አቆምናት።»

«በቆሎውስ የት አለ?»

«በቆሎ የለም።»

«ታዲያ ማማዋ ምን ትጠብቃለች?»

ስለዚህ በቆሎ መዝራት ያዝን። አረንጓዴ ወረቀት በቀጭኑ እየቀደድን፣ በመጥረጊያ ጭራ ላይ እየጠቀለልን፣ ሦስት ሦስት ሴንቲ ሜትር አድርገን 120 ተክል አቆምን።

አንድ ማታ፣ ስልኩ ድምፁ ተለቅቆ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ፣ ልጄ ወረቀት እየጠቀለለች ጠየቀች። «አያቴ፣ አባዬ እዚያ ላይ ቁጭ ሲል ትምህርት ቤቱስ?»

እጄ ላይ ያለው ወረንጦ ቆመ። ትምህርት ቤት የሚከፈተው መስከረም ነው። በቆሎው የሚያሸተውም ያኔ ነው። ጓደኞቼ አዲስ ደብተር ይዘው በማማዬ ሥር ሲያልፉ ከላይ አያቸው ነበር። ይህንን ለአባቴ አንሥቼባቸው አላውቅም፤ ግን ረስቼውም አላውቅም።

አባቴ ዝም አሉ። መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«አስቀርቼዋለሁ፣ የኔ እመቤት» አሏት። «ሁለት መስከረም አስቀርቼዋለሁ። ሌሊቱን እኔ ነበርሁ፤ ቀኑን የሚጠብቅ ሌላ ሰው አልነበረኝም። ኋላ ፍኖተ ሰላም ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ የቤት ኪራዩም ስንቁም የወጣው ከዚያው በቆሎ ነው። ግን አስቀርቼዋለሁ።»

ሁለት መስከረም። እኔ ከሠላሳ ዓመት በላይ ስቆጥረው የኖርሁትን እሳቸውም ቆጥረውት ኖረዋል። ምን እንደምል አላውቅሁም። «አባባ፣ ተኝቼ ዝንጀሮ ያስፈጀሁትንስ ያስታውሱታል?» አልሁ።

«ስድስት ረድፍ» አሉ ወዲያው። «ስድስት ረድፍ ሙሉ! ደክሞህ ነው ብዬ አልቀሰቀስሁህም።»

እስከዚያች ማታ ድረስ፣ አባቴ የዚያን ቀን ማሳው ዳር ቆመው እንዳዩኝ አላውቅም ነበር።

እናንተም እንዲህ ያለ ነገር ከልጆቻችሁ ጋር ለመሥራት ብታስቡ ውድ ዕቃ አያስፈልጋችሁም። መጥረጊያ፣ ቃጫ፣ ክር፣ ኮላ፣ ማስመሪያና ምላጭ ይበቃል፤ ምላጩን ግን እናንተ ያዙት። መጠኑን አስቀድማችሁ ወስኑና ሁሉንም ነገር ለአንድ ቁጥር አካፍሉ፤ ልጆቹ ማካፈልን ከደብተር በተሻለ ይማሩበታል። የምትሠሩት የጉራጌ ቤት ይሁን የሐረር አጥር ወይም የአያታችሁ ጎተራ፣ እንጨቱን ከመቁረጣችሁ በፊት አገሩን የሚያውቅ ሰው ዘንድ ደውሉ። እኔ ከቆረጥሁ በኋላ ስለ ደወልሁ ሦስት ሳምንት ከስሬያለሁ።

ማማችን አሁን የባቡሩ ክብ በሚታጠፍበት በኩል፣ በ120 በቆሎ መሐል ቆማለች። የፕላስቲኳ ጣቢያ ወደ ካርቶኗ ተመልሳለች። ልጄ ከሁለት ሴንቲ ሜትሮቹ ሰዎች አንዱን ማማዋ ላይ አስቀምጣዋለች፤ ባቡሩም እዚያ ሲደርስ የግድ ይቆማል። ባለፈው ሳምንት ቡሬ ገበያ የሚመላለሰው የአክስቴ ልጅ ፎቶዋን በስልኩ ለአባቴ አሳያቸው። ብዙ አዩት አለኝ። ከዚያ እንዲህ ብለው ላኩብን፤

«በርቱ። ክዳኑ ግን በነፋሱ በኩል ዝቅ ይበል፤ ዝናብ ያስገባል።»

ቅዳሜ ዝቅ እናደርገዋለን።